ያን ሌሊት ዳላስ ብሆን ኖሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት አለብኝ። የተሳልኩት ለጽዮን ማርያም ነው። ጧፍ አይደለም፣ ጥላም አይደለም። «እህቴን ካስማርሽልኝ ያደረግሽልኝን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ነው ያልኩት። ዛሬም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የነርሲንግን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ነርሲንግ ሆም ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሠሪያለሽ። ጠዋት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትሄጃለሽ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ እንግሊዝኛ። ይህ ሁሉ ነርሲንጉ ገና ሳይጀመር ነው። ከዚያ የመግቢያ ፈተና አለ። ከገባሽ በኋላ ደግሞ አራት ሴሚስተር። የመድኃኒት ስሌት ፈተና ካላለፍሽ ክሊኒካል፣ ማለት ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ፣ አትወጪም። ክሊኒካል ያለ ቀን ጎህ ሳይቀድ ትነሻለሽ።

እኛ ኮሌጅ ማለፊያው 75 ነበር። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወድቋል ነው። ማጠጋጋት የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ሜድ ሰርጅ በሚባለው የአዋቂ ሕሙማን ነርሲንግ ኮርስ 74.6 አመጣሁ።

ዕቅዴን ልንገራችሁ። ግንቦት ላይ እመረቃለሁ። ክረምቱን የፈቃድ ፈተናውን እወስዳለሁ። መስከረም ላይ ዳላስ፣ ቴክሳስ እገባለሁ። ዳላስ ያለችው ጓደኛዬ ክፍል አዘጋጅታልኝ ነበር። ቤት ኪራይ ከኛ ሰፈር ይሻላል፣ ሥራም አለ። ለእናቴም ለእህቴም ነግሬ ጨርሻለሁ።

ውጤቱን ያየሁት የኮሌጁ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆኜ ነው። መስኮቱን ዘግቼ ጮኽኩ። በእግዚአብሔር ላይ ነው የጮኽኩት። «ሌሊት የሰው እናት እያጠብኩ፣ ጾም ሳልገድፍ፣ ነጥብ አራት ከለከልከኝ?» አልኩት። ከዚህም የባሰ ብያለሁ፤ አልጽፈውም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል ዳዊት። እሱ ሲለው ጸሎት ነው። እኔ ያልኩት ግን ክስ ነበር። ዳዊቴን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እሁድ እሁድ ኦቨርታይም መያዝ ጀመርኩ። ቅዳሴ ቀረ። የንስሐ አባቴ ሲደውሉ አላነሳም። እሳቸው ግን መደወል አላቆሙም። አባቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያ ስልክ በኋላ ምን እንደሠራ እነግራችኋለሁ።

ኮርሱን ደገምኩት፣ አለፍኩት፣ ደስም አላለኝም። ዳላስ ቀረ። የመጨረሻው ሴሚስተር ወደ መኸር ተገፋ። ያ ሴሚስተር ላይ የነበረው ዋናው ኮርስ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ ነው።

በዚያው ኅዳር እህቴ ወለደች። ሴት ልጅ፣ የመጀመሪያዋ። ባሏ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከወለደች በኋላ ጥቂት ቀን ከርሞ ወደ መንገድ ተመለሰ። እማዬ ከአዲስ አበባ ለአራስ ጥየቃ መጣች። ሽሮ፣ በሶ፣ የገንፎ እህል ይዛ። እኔም ላግዛቸው ብዬ እህቴ ቤት ገባሁ።

ኅዳር 20 ለ21 አጥቢያ ነበር። በነጋታው ጽዮን ማርያም ናት። በነጋታው ጠዋት ሁለት ሰዓት ደግሞ የእናቶች ኮርስ ፈተና አለብኝ።

ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው። አራስ ጠያቂዎች ሲገቡ ሲወጡ ዋሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ ከቀትር ጀምሮ ራሴን ያመኛል ስትል ነበር። ታይሌኖል፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ሰጠኋት። አልለቀቃትም። እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ። ስድስት ቀን ያልተኛች ሴት ራሷን ቢያማት ምን ይገርማል? እማዬ «ምች ነው» አለች። ከላይ ፎቅ የሚኖሩ እናት በረንዳቸው ላይ ዳማከሴ ያበቅላሉ። ሄዳ ቆርጣ መጣች። አሽታ አፍንጫዋ ሥር፣ ግንባሯ ላይ ቀባቻት። ቤቱ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። እኔ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን ዘርግቼ አጠናለሁ።

እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል እህቴ ግድግዳውን ይዛ መጣች።

«መብራቱ ይብለጨለጫል እንዴ?» አለችኝ።

መብራቱ ደህና ነው።

«ዓይኔ ላይ ነጠብጣብ ነገር ይታየኛል።»

ጣቴ ደብተሩ ላይ ነበር። እምላችኋለሁ፣ ጣቴ ያረፈበት ገጽ ላይ ራሴ በእጄ የጻፍኩት ዝርዝር አለ። የማይለቅ ራስ ምታት። የዓይን ብልጭታ። ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ አደገኛ በሽታ። እስከዚያ ሳምንት ድረስ እኔም በሽታው የእርጉዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ከወጣ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል።

«ከጎድንሽ ሥር ያምሻል? በቀኝ በኩል?»

«ከማታ ጀምሮ። ገንፎው ከብዶኝ ነው መሰለኝ።»

የደም ግፊት መለኪያዬን ከቦርሳ አወጣሁ። አስቀምጬ ለካኋት። 182 በ114። መሣሪያው ተሳስቷል አልኩ። ሌላ ክንዷ ላይ በስቴቶስኮፕ ለካሁ። 178 በ112። ከላይ 160 ወይም ከታች 110 ከደረሰ ድንገተኛ ነው ተብለን ተምረናል። ለነገ ፈተና የያዝኩት ቁጥር እህቴ ክንድ ላይ ወጣ።

ስልኬን ሳነሳ እማዬ በሩ ላይ ቆመች። «በዚህ ብርድ አራስ ይዘሽ ወዴት? ምች ነው አልኩሽ። ላብ ካላት ይለቃታል።» እናቴን በሕይወቴ ተቃውሜያት አላውቅም። «እማዬ፣ ምች አይደለም። ካልሄድን ትሞትብናለች» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ነጠላዋን አንስታ ራሷ እህቴን አለበሰቻት።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ልቁም። 911 ስትደውሉ፣ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ፣ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው «በቅርቡ ወልዳለች» የሚለው ይሁን። ይህን ካልተናገራችሁ ራስ ምታት ራስ ምታት ብቻ ነው። እኔ ደጋግሜ ተናገርኩት። ስልኩን ላነሳችው ሴትዮ፣ ለአምቡላንሶቹ፣ በር ላይ ለተቀበለችን ነርስ። «ስድስት ቀኗ ነው፣ ግፊቷ ይህን ያህል ነው፣ ዓይኗ ይብለጨለጫል።» ያቺ ነርስ አንዴ አየችኝና አልጋውን እየገፋች ሮጠች። ስሟን አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃታል።

አምቡላንስ ውስጥ እህቴ ታወራኝ ነበር። «ልጅቷ ጠብታለች?» ትላለች። ጠብታለች እላታለሁ። እንደገና ትጠይቀኛለች። ከዚያ መጠየቅ አቆመች። ክፍል ውስጥ ገብተን ነርሷ ለመርፌ ክንዷ ላይ ደም ሥር ስትፈልግ የእህቴ አፍ ወደ አንድ ጎን ተሳበ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ሄዱ። ከዚያ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ክፍሉ በሰው ተሞላ። በጎን አዞሯት። ኦክስጅን፣ ማንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ የሚጮህ ማሽን። የሚያደርጉትን እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ማወቄ አልረዳኝም። አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ወደ ኮሪደር አወጣኝ።

እዚያ ኮሪደር ውስጥ የመጣችብኝ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ልዕልት ፀሐይ ናት። ለምን አትበሉኝ። እማዬ የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የሚባለው። ነርሲንግ ስጀምር ለሰው ሁሉ «የንጉሡ ልጅም ነርስ ነበረች» ትል ነበር። እውነቷን ነው። በስደቱ ጊዜ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ ነው ነርስ የሆነችው። አገሯ ገባች፣ አገባች፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈች። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበረች። ልዕልት ሆና፣ ነርስ ሆና አልተረፈችም። የኔ እህት ማን ናት?

ያኔ ነው አፌ የተከፈተው። መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት ዳዊት ከየት እንደመጣ አላውቅም። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።» «ከሌሊት ግርማ» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። በልጅነቴ እማዬ አስይዛኝ ነው መሰለኝ፣ ልቤ ሳያስበው አፌ ቀጠለ። ከዚያ ማርያምን ጠራሁ። ነገ በዓልሽ ነው አልኳት። ተሳልኩ። ለእግዚአብሔርም «የኔን ትምህርት ተወው። እሱንም ውሰደው። እሷን ተውልኝ» አልኩት። ከመኪና ማቆሚያው ወዲህ የመጀመሪያ ጸሎቴ ነው።

ስልኬ ላይ የንስሐ አባቴ ቁጥር ከላይ ነበር። የማላነሳው ቁጥር። ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሱት። ለምን ጠፋሽ አላሉኝም። «ስልኩን በሩ ላይ አድርጊው» አሉኝ። አደረግሁት። በተዘጋው በር ላይ ከስልኬ ውስጥ ጸሎት ሲወርድ ሰዎች እያለፉ ያዩኛል። ማንም ምንም አላለኝም።

ቤት እማዬ ጨቅላዋን ታቅፋ ቀርታለች። ባለዳማከሴዋ እናት ወርደው አብረዋት አደሩ። ወተት ገዝተው፣ ጡጦ ቀቅለው፣ እማዬን አጽናንተው። እሳቸውን ሳላነሳ ማለፍ ኃጢአት ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ፈተናው ትዝ አለኝ። ሳያሳውቅ የቀረ ተማሪ ዜሮ ነው። ለመምህርቷ ጻፍኩላት። ምን እንደጻፍኩ ዛሬም አላስታውስም። በዚያ ሰዓት መለሰችልኝ። እህትሽ ጋ ሁኚ፣ ፈተናው ይጠብቅሻል አለችኝ። ፈተናውን በሌላ ሳምንት ሰጠችኝ። ኮርሱንም አለፍኩ።

ሊነጋ ሲል ሐኪሟ ወጣች። ግፊቷ ወርዷል፣ ማንቀጥቀጡ አልተመለሰም አለችኝ። ከዚያ «ቤት ውስጥ ማን ነው የለካት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። እዚያው ኮሪደር ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማግኒዥየሙ አንድ ቀን ሙሉ ተንጠለጠለ። እህቴ «እሳት ውስጥ ያስገባችሁኝ ይመስለኛል» ትል ነበር፤ መድኃኒቱ እንደዚያ ያቃጥላል። ነርሶቹ በየሰዓቱ ጉልበቷን በመዶሻ እየመቱ፣ ትንፋሿን እየቆጠሩ፣ ሽንቷን እየለኩ አደሩ። መድኃኒቱ ከበዛ የሚታወቀው በዚያ ነው። እኔ ከደብተር ያነበብኩትን እነሱ እህቴ ላይ ሠሩት። ባሏ ከፔንስልቬንያ ሲነዳ አድሮ ጠዋት ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው።

በዚያ ቀን እህቴ ተኝታ ሳለች ነው የገባኝ። ያ 74.6 ባይመጣ በግንቦት ተመርቄ ዳላስ ነበርኩ። ያን ሌሊት ቤቱ ውስጥ ዳማከሴና እማዬ ብቻ ነበሩ። ጌታ ለጴጥሮስ እግሩን ሊያጥበው ሲል የተናገረው ቃል መጣብኝ፤ «እኔ የማደርገውን አንተ አሁን አታውቅም፥ በኋላ ግን ታስተውለዋለህ።» የጮኽኩበትን ሁሉ አስቤ አፈርኩ። እሱ ግን ሰምቶኝ፣ ታግሶኝ፣ በዚያው ውስጥ እህቴን ሲያዘጋጅላት ነበር።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። እህቴ በእግሯ ቆማ ታቅፋት ነበር።

እኔ በታኅሣሥ ጨረስኩ። የፈቃድ ፈተናው ኮምፒውተሩ እንደ መልስሽ ጥያቄውን የሚያከብድ የሚያቀል ነው፤ ከ85 እስከ 150 ባለው የትኛውም ጥያቄ ላይ ሊቆም ይችላል። የኔ 85 ላይ ቆመ። አልፌ ነው ወይስ ወድቄ? አላውቅም። ያኔ ግን አልጮኽኩም። መኪናዬ ውስጥ መዝሙር ከፍቼ ቤቴ ገባሁ። ስሜ ከፈቃድ ቁጥር ጋር ወጣ። እማዬ አዲስ አበባ ሆና ስልኩ ላይ እልል አለች።

ዛሬ የምሠራው የወለዱ እናቶች የሚተኙበት ክፍል ነው። ሀበሻ እናት ስትወጣ ምልክቶቹን በአማርኛ እነግራታለሁ። አብራት ያለችውን እናቷንም እነግራታለሁ፤ ቤት ውስጥ የምትወስነው እሷ ናትና። የካሜሩኗ የክፍሌ ልጅም አብራኝ ትሠራለች። ስወድቅ ማስታወሻዋን ሳትሰስት የሰጠችኝ፣ በራሷ ቤተ ክርስቲያን ስለኔ የጸለየች እሷ ናት።

እህቴ ሁለተኛ ልጅ እያሰበች ነው። ሐኪሞቿ ከመጀመሪያው ጀምረው በቅርብ ሊከታተሏት ተዘጋጅተዋል። በጸሎታችሁ አስቧት። የቤተ ክርስቲያናችን ሁለት እህቶችም በጥር የፈቃድ ፈተና ይቀመጣሉ። እነሱንም አስቧቸው። የክርስትና ስማቸውን እሱ ያውቀዋል።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።