ተመልካቹም ሥራ ነበረው

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰፈራችን ቴአትር ቤት የለውም። መዝናናት ያማረው ሰው ወይ ታክሲ ተጋፍቶ መሐል ከተማ ይገባል፣ ወይ ኳስ የሚያሳዩበት ቤት ሄዶ ይጮኻል። እኔ ጩኸቱን እወደዋለሁ። ሰዎች ሥርዓት ማጣት ይሉታል፣ ለእኔ ግን የቆየ ልማዳችን ነው።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥማ! "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ በዜማ ያወርደዋል። ደፈር ካልክ ጎንህ ያለውን ሰውዬ ነካ ታደርገዋለህ፣ እሱም በተራው ተቀበል ይልልሃል። ከዚያ በኋላ ማን አርቲስት ማን ታዳሚ እንደሆነ ይጠፋል።

ላሊበሎችም እንደዚያው ናቸው። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ካላዜምን የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል። የባለቤቱን ስም ቀድመው ከጎረቤት ስለሚጠይቁ ተኝተህ ስምህ በዜማ ሲጠራ ትሰማለህ። ከሰጠህ ምርቃት፣ ከነፈግክ ስድብ። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። በቀደም ሁለት ሆነው መጡ። የቱ በር ላይ ይቁሙ? ስምስ ማንን ይጠይቁ፣ እኛው እርስ በርስ የምንተዋወቀው በቤት ቁጥር! ሴትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ "የአራተኛ ፎቅ እመቤት" ብላ ጀመረች። ከበረንዳ በፌስታል የተቋጠረ ብር ወረደላት። ወዲያው ጥበቃው መጥቶ አስወጣቸው።

ቴአትር ሲመጣ ሌላ ልማድ ይዞ ነው የመጣው። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ በአውሬዎች እያመካኙ ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ ቴአትር አሳዩ፣ ተመልካቾቹ ራሳቸው መኳንንት ነበሩ፣ ታገደ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ደግሞ የጣልያን ወረራ ሲቃረብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው። ንግግር፣ ግጥም፣ ቀረርቶ። ቀረርቶ እየሰማ ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ አሳዩኝ! በእኔ ግምት ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ማየትን በደንብ የተማርነው በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ከተከፈተ ወዲህ ነው።

እኛ ሰፈር ትምህርቱ ገና አልደረሰም። ኳስ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ አግዳሚው ጠባብ፣ ወለሉ የለውዝ ልጣጭ። የእንግሊዝኛውን ኮሜንታተር የሚሰማው የለም፤ አንድ ልጅ ከኋላ ቆሞ በአማርኛ ያስተላልፋል፣ ተጫዋች ይቀይራል፣ ዳኛውን ይሰድባል። አንድ ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ልጁ አላቋረጠም። ጨለማው ውስጥ ኳሷን ከመሐል ሜዳ አንስቶ፣ ሦስት ሰው አሳልፎ ጎል አገባ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ የተቃቀፈም ነበር። ባለቤቱ ማን ገንዘብ ይመለስልኝ እንደሚል ሲጠብቅ አንድም ሰው አልጠየቀውም። መብራቱ ሲመጣ ጨዋታው ባዶ ለባዶ አልቋል።