ቅርፊት የሌለው ዓሣ ፍለጋ ወደ ታዋኮኒ

ስልኬ ሲጮኽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ጋሼ ናቸው።

"ተነሥተሃል?"

"ተነሥቻለሁ" አልኩ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ።

"ውሸታም። ሁለት ካልሲ ደርብ። ጓንት እንዳትረሳ።"

ካልሲውን ደረብኩ። ጓንቱን ረሳሁት።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ ጥር መባቻ ላይ። ገና አልፏል፣ ጥምቀት ደግሞ ሳምንት ገደማ ይቀረዋል። ጋሼ ቀኑን የመረጡት አስበውበት ነው። "በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ አታስገባኝ" ብለውኝ ነበር። የምንኖረው ጋርላንድ ነው፣ ከዳላስ ጥግ። እሳቸው ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሯቸው አንድ ቬትናማዊ ጎረቤታቸው ናቸው። ሁለቱ አዛውንቶች ሲያወሩ አይቻለሁ። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ እጅ።

የምንሄደው ታዋኮኒ ወደሚባል ሐይቅ ነው። ሐይቅ ልበለው እንጂ ሰው ሠራሽ ነው። ሳቢን የሚባለውን ወንዝ ገድበው የግድቡን ሥራ በፈረንጁ 1960 ጨረሱት። ዳላስ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። ፎርኒን አለፍን፣ ቴሬልን አለፍን፣ ዊልስ ፖይንት ደረስን። ቴክሳስ ውስጥ እያንዳንዷ ከተማ የሆነ ነገር ዋና ከተማ ናት። ፎርኒ የአሮጌ ዕቃ ዋና ከተማ ናት። ዊልስ ፖይንት የሰማያዊ ወፍ። ታዋኮኒ ደግሞ የካትፊሽ፣ የዚያ ልንይዘው የምንሄደው ቅርፊት የለሽ ዓሣ ዋና ከተማ። ይህን ሁሉ ሹመት ማን እንደሚያድል እንጃ፣ የታዋኮኒው ግን የሚገባው ይመስለኛል።

መንገድ ላይ ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኩ።

"ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ዓሣ ይበላል እንዴ? አይተኛም?"

"አንተ በብርድ ቁርስ ትተዋለህ?"

"አልተውም።"

"ቀስ ብለህ ትበላለህ። እሱም እንደዛው።"

ነገሩ እውነት ነው። የዓሣ ገላ የውሃውን ሙቀት ይከተላል። ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላውን የሚፈጭበት ፍጥነት ይወርዳል፣ ስለዚህ ብዙ አያስፈልገውም፣ ሮጦም አያድንም። ግን ቻነል የሚባለው የካትፊሽ ዓይነት የፈረንጁን ክረምት ሙሉ አፉን አይዘጋም። በዚያ ላይ ብርዱ ራሱ ድግስ ያመጣለታል። እዚህ ሐይቅ ውስጥ ሻድ የሚባል የጣት ርዝመት ያለው ብርማ ዓሣ አለ። አንደኛው ዘሩ ሙቀት ለምዶ ያደገ ነው። ውሃው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መቋቋም ያቅተውና ይሞታል። ነፋሱ ሬሳውን እየገፋ ዳር ያደርሰዋል። ካትፊሹ ታዲያ ምን ያስሮጠዋል? አፉን ከፍቶ መጠበቅ ነው።

ሐይቁ ዳር ባለው የመንግሥት ፓርክ መኪናችንን አቆምን። እዚህ ላይ አንድ የቆጨኝን ነገር ልንገራችሁ። ከሁለት ቀን በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል ብዬ ሠላሳ ዶላር ከፍዬ ነበር። ለካ በቴክሳስ መንግሥታዊ ፓርኮች ውስጥ ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ፈቃድ አያስፈልግም። ጋሼ ይህን የነገሩኝ በር ላይ ስንደርስ ነው። "ግድ የለም፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይሠራል" አሉኝ። የኛን ነሐሴ ይሁን የፈረንጁን አልጠየቅኳቸውም። የፈረንጁ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ፓርክ በፈረንጁ 2007 የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ሸረሪቶች ተባብረው ዛፎቹን በአንድ ትልቅ ድር ሸፈኗቸው። ሁለት መቶ ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ድር። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የምንለውን አሜሪካኖቹ በዓይናቸው አዩት። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት ራቁቱን የቀረ ዛፍና ግራጫ ውሃ ብቻ ነው።

ብርዱን እንዴት ልግለጽላችሁ። ቴርሞሜትሩ አንድ ዲግሪ ይላል። በረዶ የለም፣ ግን ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ማንንም አይምርም። የቴክሳስ ሰዎች ብሉ ኖርዘር ይሉታል። ጠዋት በሸሚዝ የወጣህበት ቀን ከሰዓት በኋላ ካፖርት ያስለብስሃል። በየካቲት 2021 ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገብታ መብራት ጠፍቶ ቤታችን ውስጥ በእንፋሎት ስናወራ ከርመናል። ከዚያ ወዲህ "ብርድ" ስል ተመዛዝኖ ነው።

ጋሼ ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ተከሉ። መሬት ላይ ቧንቧ ቀብረው ዘንጉን በቧንቧው ይሰኩታል። ከዚያ ከበረዶ ሳጥናቸው ውስጥ የቀዘቀዘ ሻድ አውጥተው በቢላዋ ቆራረጡት። እኔ በኢንተርኔት አይቼ ገዝቼ የመጣሁት ሌላ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሞተ አይጥ የሚሸት ቡናማ ሊጥ። አይብና ደም አለበት ይላሉ።

"እሱን ለሰኔ አስቀምጠው" አሉኝ። "በብርድ ሽታው አይሄድም። ቅባቱም ይረጋል። እንዲህ ሲበርድ ትኩስ ሥጋ ነው።"

ካትፊሽ በምላስ ብቻ አይቀምስም። መላ ቆዳው ላይ መቅመሻ አለው፣ ከራሱ እስከ ጭራው። አፉ ዙሪያ ደግሞ ስምንት ጢም አለ። ባጭሩ የሚዋኝ ምላስ ማለት ነው። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ዓይኑን ሳይፈልግ ምሳውን ያገኛል። ጋሼ ሊጤን ንቀው ዳር አስቀመጡልኝ። አንድ ውሻ እንኳ አሽትቶት ሄደ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ዘንጉ አይነቃነቅም። ጋሼ ፔርሙዛቸውን ከፍተው ቡና ቀዱልኝ። ጤና አዳም አለበት። ጣቶቼ ኩባያውን አልለቅም አሉ።

ያኔ ሀዋሳ ትዝ አለኝ። ያደግኩት እዚያ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ሲገፈፍ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ቆመው ትርፉን ሲጠብቁ፣ እኛ ደግሞ ሾርባ በሚጥሚጣ ስንጠጣ። እናቴ ቆሮሶ ትገዛለች። አምባዛ ግን ቤታችን ገብቶ አያውቅም። "ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም፣ ኦሪት ላይ ተጽፏል" ትላለች። አምባዛ ክንፍ አለው፣ ቅርፊት የለውም። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ይኸው ዛሬ ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ በብርድ የምጠብቀው የዚያው የአምባዛ ዘመድ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይበሉታል?"

"ምኑን?"

"ካትፊሽ።"

"እግዜር ያሳይህ! ቀምሼው አላውቅም።"

ደነገጥኩ። ሰውየው ይህን ዓሣ ሲያጠምዱ ዓመታት ተቆጥረዋል። የያዙትን በሙሉ ለቬትናማዊው ጎረቤታቸው ይሰጣሉ። ጎረቤትየው ደግሞ በምላሹ ከጓሯቸው ሎሚና ቃሪያ ይልካሉ። ይህ ንግድ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

አራት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ብድግ አሉ። "ወፎቹ ጋ እንሂድ" አሉኝ።

ትንሽ ተራምደን አንድ ጥግ ደረስን። ከዳሩ ሃያ ሜትር ገባ ብሎ ውሃ ውስጥ የቆሙ ደረቅ ዛፎች አሉ። ኖራ የተቀቡ ይመስላሉ። ቅርንጫፎቹ ላይ ጥቋቁር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ኮርሞራንት ናቸው። ጠልቀው ዓሣ የሚይዙ፣ ክረምቱን እዚህ ሊያሳልፉ ከሰሜን የሚመጡ። ኖራ የመሰለኝ ኩሳቸው ነው።

"ከሥራቸው ነው ያሉት" አሉ ጋሼ።

"ማን?"

"ካትፊሾቹ። ከላይ የሚወርደውን ይበላሉ።"

እንደ ቀልድ ወሰድኩት። ቀልድ አይደለም። በዚህ አካባቢ በክረምት ካትፊሽ የሚያጠምድ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ወፎቹ ሌሊት እዚያ ያድራሉ። ኩሳቸውና አልፎ አልፎ የሚያስመልሱት ዓሣ ከዛፉ ሥር ይዘንባል። ካትፊሾቹ ይህን ለምደው ጥልቁን ትተው ከሰው ወገብ ብዙ በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ይሰበሰባሉ። የእናቴ ክርክር ይበልጥ እየጠነከረ መሄዱን አስተዋልኩ።

ሻዱን ሰክቼ ወረወርኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ የዘንጉ ጫፍ ትር ትር አለ። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ዓይነት። ዘንጉን ነጥቄ ሳብኩ። ባዶ። ሻዱም የለም።

"ለምን ሳብከው?"

"ነከሰ እኮ!"

"አልነከሰም። እየቀመሰ ነው። ተወው።"

ደግሜ ወረወርኩ። ደግሞ ትር አለ። ደግሜ ሳብኩ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ላይ መጥተው ዘንጉን ከእጄ ወስደው ቧንቧው ላይ ሰኩት። "እጅህን ኪስህ ክተት" አሉኝ። ጓንት ስላልነበረኝ ትእዛዙ ደስ አሰኘኝ።

መንጠቆው እንደተለመደው አይደለም። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ ነው። ዓሣው ጎርሶ ቀስ ብሎ ሲዞር መንጠቆው ራሱ እየተንሸራተተ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይሰካል። ሰውየው ከነጠቀ ግን ከአፉ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። በበጋ ካትፊሽ ዘንግ ሊያስጥል ስለሚችል ስህተትህ አይታወቅም። በብርድ ግን ጎርሶ ባለበት ይቆያል። አንዳንዴ ደቂቃ ሙሉ።

ጫፉ ትር ትር አለ። ቆመ። እንደገና ትር አለ። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ከዚያ ዘንጉ ያለ ምንም ችኮላ ጎንበስ አለ፣ ለታቦት እንደሚሰግድ ሰው። ሳይቀናም ቀረ።

"አሁን" አሉ ጋሼ። "አትንጠቅ። ጠቅልል ብቻ።"

ጠቀለልኩ። ከባድ ነው፣ ግን አይሮጥም። እርጥብ ጆንያ መጎተት ይመስላል። ዳር ሲቃረብ ነው ነፍስ የዘራው። ሁለቴ ወደ ዛፎቹ ሸሸ፣ ክሩ እንዳይጠላለፍ ጋሼ "ግራ! ግራ!" እያሉ ከኔ በላይ ላባቸው። በመጨረሻ በመረብ ቀለቡት። ሁለት ኪሎ ተኩል ሆነ።

ቆንጆ ነው። ጀርባው የወይራ ቀለም፣ ሆዱ ነጭ፣ ጭራው እንደ ሹካ የተሰነጠቀ። ጋሼ ገልብጠው ከሆዱ በታች ያለውን ክንፍ አሳዩኝ። ጠርዙ ክብ ከሆነ ቻነል ነው፣ በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ካለ ብሉ ካትፊሽ ነው። ይህ ክብ ነው። ኩራት ተሰማኝና ፎቶ ልነሣ በሁለት እጄ አነሣሁት።

እዚያ ላይ ነው የተወጋሁት። ቅርፊት የለውም እንጂ ጦር አለው፤ በሁለቱ የጎን ክንፎቹና በጀርባው ክንፍ ላይ፣ መርዝ ያለበት እሾህ። አይገድልም። ግን መዳፌ ላይ ሲገባ ከአፌ የወጣውን ቃል ጋሼ ከዚህ በፊት ከኔ ሰምተውት አያውቁም። በስድስት ሰዓት መዳፌ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ያስታግሳል። በቅርብ የነበረው ሙቅ ነገር ግን የጋሼ ቡና ነበር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ያዝን። ሕጉ ለብሉና ለቻነል በአንድ ላይ በሰው እስከ 25 ይፈቅዳል፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ጠበቅ ያለ ገደብ አለ። እኛ ገደቡ አጠገብም አልደረስን። ጋሼ ሁለት ትናንሾችን መለሱ፣ ሦስቱን ለጎረቤታቸው በረዶው ውስጥ ከተቱ። የኔን ለኔ ተዉልኝ።

ቤት ደርሼ ቆዳውን በጉጠት ገፈፍኩት። ካትፊሽ አይላጥም፣ ይገፈፋል። በሎሚ አጠብኩት፣ በቃሪያና በሽንኩርት ለብለብ አደረግኩት። ሽታው የአሞራ ገደልን ያህል ባይሆንም አፌን ውሃ ሞላው። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው። በዚያ ብርድ ያደረ ዓሣ የጭቃ ጣዕም የለውም።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሳነሣ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ናት፣ በቪዲዮ። ሀዋሳ ከእኩለ ሌሊት አልፏል።

"ጋሼ ነገሩኝ እኮ፣ ዓሣ ልትይዙ እንደምትሄዱ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያዝክ?"

"ያዝኩ እማዬ።"

"እሰይ! እስቲ አሳየኝ።"

ካሜራውን ወደ ሳህኑ አዞርኩ። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ቀረብ አለች።

"ያምራል። ቅርፊቱን ግን በደንብ ፍቀኸዋል?"

ያበጠው እጄን ከሳህኑ ኋላ ደበቅኩ።

"እማዬ፣ አንዲት ቅርፊት እንኳ አታገኝበትም" አልኳት።