አዲስ መኪና፣ የተጫጫረ ቀለም፦ እኔ እንዴት እንደተወጣሁት

ዜሮ ኪሎ ሜትር መኪና ቀለሟ ንጹህ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ አንዴ ፀሐይ ላይ ያቁማትና ጎንበስ ብሎ ከጎን ይያት። እኔ አየኋት። ጥቁር ሰማያዊ ሜታሊክ ነች፣ ማለትም ቀለሟ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ፍንጥርጣሪ አለ፤ ገመና የማይሸፍን ቀለም። ኮፈኑ ላይ ብርሃኑን ከብበው የሚዞሩ ቀጫጭን ጭረቶች ሞልተዋል። የኋላ ቀኝ በር ላይ የመዳፍ ርዝመት ያለው አንድ ጭረት አለ። የሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተፈንቅሎ ከሥሩ ያለው ግራጫ መነሻ ቅብ፣ ፕራይመሩ፣ ይታያል። ጣራው ሲዳብሱት ይሻክራል። የኋላ መክደኛው ታችኛ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀለም ወርዶ እንደተንጠለጠለ ደርቋል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ገና ማን ነዳትና? ነገሩ ግን የተለመደ ነው። መኪና ከፋብሪካ ወጥታ ገዢ እጅ እስክትገባ በጭነት መኪና፣ በባቡር፣ በመርከብ ትጓዛለች፣ ሜዳ ላይ ትከርማለች፣ መከላከያ ላስቲኳ ይላጣል፣ አቧራዋ በስንት ሰው እጅ ይጠረጋል። ኮፈኑ ላይ ያየሁት ዓይነት ክብ ክብ ጭረት ደግሞ የመንገድ ሥራ አይደለም። አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ወይም ጎማውን ያጠበ ስፖንጅ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ ሲወጣ የሚመጣ ነው። ማለትም ለርክክብ አሳምረው ሊያቀርቡልን ሲሉ ነው የሚቧጭሯት። ገና ያልተረከባችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አትጠቡብኝ፣ ላስቲኩንም ተዉት፣ እኔው እልጠዋለሁ በሏቸው። ግር ሊላቸው ይችላል። ይበላቸው።

ያስረከበኝ ልጅ ትሁት ነበር። ጭረቱን ሳሳየው "ወንድሜ፣ ይቺ እኮ በፖሊሽ ትጠፋለች፣ ምንም አታስብ" አለኝ። "እሺ፣ እንግዲያው እሷኑ ጻፍልኝ" አልኩት። የርክክብ ወረቀቱ ላይ እያንዳንዷን ጉድለት ከነቦታዋ አስጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው የፈረምኩት። አንዴ ከፈረማችሁና ከግቢው ከወጣችሁ፣ ጭረቷ የእናንተ ናት። ማን እንደጫራት የሚመሰክር የለም።

ፎቶ ላይም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጭረት ፊት ለፊት ሲያነሱት ይጠፋል። የስልኩን መብራት ወይም ሌላ ባትሪ ከጎን አስጠግታችሁ ማብራት አለባችሁ። እኔ ከእያንዳንዱ ጉድለት አጠገብ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩና አንድ ከቅርብ፣ አንድ ደግሞ በሩ በሙሉ እንዲታይ አድርጌ አነሳሁ። መኪናዋ እርጥብ ከሆነች እስክትደርቅ ጠብቁ። ውሃ ጭረት ውስጥ ሲገባ ጭረቱን ይደብቀዋል፤ ዝናብ ላይ የተረከባችሁት መኪና ሁሉ ቆንጆ ነው።

ከዚያ ድርድሩ መጣ። የቀረበልኝ መፍትሔ "በሩን እንደ አዲስ እንቀባልሃለን" የሚል ነበር። ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔ ግን እንቢ አልኩ፤ ለምን እንቢ እንዳልኩ ለማስረዳት ቀለሙ ራሱ ምን እንደሆነ ትንሽ ማውራት አለብኝ።

የፋብሪካ ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከላሜራው ቀጥሎ ዝገት የሚከላከለው ሽፋን አለ፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በላዩ ላይ ክሊር የሚባለው ምንም ቀለም የሌለው ሽፋን። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት እንኳ 100 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው ይሄ ስስ ነገር ነው። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ደግሞ ጭረቱን መሙላት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ክሊር ወደ ጭረቱ ጥልቀት ዝቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ በየፖሊሹ ከማይተካ ነገር ላይ ትቀንሳላችሁ።

ድጋሚ መቀባትስ? ፋብሪካ ውስጥ ላሜራው ገና ባዶውን እያለ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጋገራል። ያለቀላት መኪና ውስጥ ግን ፕላስቲክ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ኮምፒውተር አለ፤ ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የሚደርቀው በ60 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቀለሙም ለዚያ የተሠራ ሌላ ዓይነት ነው። በዚያ ላይ ሜታሊክ ቀለም ልክ እንዲመስል በሩን ብቻ ቀብቶ መተው አይቻልም፤ ጎረቤቱ በርም ላይ እየሳሳ እንዲሄድ መነፋት አለበት፣ ካልሆነ በሆነ ብርሃን ላይ ልዩነቱ ይጮኻል። አንድ ጭረት ለማጥፋት ሁለት በር ማስነካት ማለት ነው። ስትሸጧት ደግሞ ገዢው የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ይመጣና "ይቺ ተጋጭታለች" ይላል። አልተጋጨችም ብሎ መማል አያዋጣም።

እኔም መለኪያውን ተውሼ ዙሪያዋን ለካሁ። ላሜራው ላይ ሁሉም ከ100 እስከ 140 መሐል ነበር። አንዱ ክፍል ብቻውን 250 ወይም 300 ቢያሳይ ኖሮ፣ ከመርከብ ስትወርድ ተመትታ በዝምታ ተቀብታለች ብዬ ወሬውን በሌላ ድምፅ እጀምር ነበር። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ተራው መለኪያ አያነበውም፣ እዚያ ላይ ዓይናችሁን ነው የምታምኑት። አንድ የቆዩ ቀለም ቀቢ ጋ ወስጄም አሳየኋት። "ጋሼ፣ በሩን ቢቀቡልኝስ?" ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጭረቱን በጥፍራቸው ሁለቴ ፈተጉና "ልጄ፣ ይሄ ለመቀባት አያደርስም፣ ከቻልክ አታስነካት" አሉኝ። ስለዚህ ሻጩን የቀለሙን ነገር ተወውና የፖሊሹንና የቀለም ብዕሩን (ትንንሽ ፍንቅል የሚሸፈንበት፣ የመኪናዋን ቀለም የያዘ ብዕር) ወጪ ሸፍንልኝ አልኩት። ተስማማ። ለእሱም ይረክስለታል።

ወደ ሥራው ስገባ ፖሊሹን አላስቀደምኩም። ቆሻሻ ላይ ፖሊሽ ማድረግ ጭረት መጨመር ነው። በሁለት ባልዲ አጠብኳት፤ አንዱ ሻምፖ ያለበት፣ አንዱ ጓንቱ የሚለቀለቅበት ንጹህ ውሃ። ጣራው ግን ታጥቦም ይሻክር ነበር። እጃችሁን በስስ ላስቲክ ከረጢት ከታችሁ ዳብሱት፣ ባዶ እጅ የማይሰማውን ቅንጣት ሁሉ ይሰማችኋል። ብዙውን ጊዜ ከባቡር ሐዲድና ከፍሬን የሚበን የብረት ብናኝ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የብረት ማሟሚያ ፈሳሽ አለ፤ ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ተነፍቶ ትንሽ ሲቆይ ብናኙ ያለበት ቦታ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል። ነጠብጣቡ ሲወርድ ሳይ ጣራዋ የደማች መሰለኝ፣ ጠረኑም አያድርስ ነው። ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አጠብኩት። የቀረውን ሻካራ በማጽጃ ጭቃ (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር ነው)፣ ማለስለሻ ፈሳሽ እየነፋሁ፣ ሳልጫን አሸሁት። ጭቃው መሬት ከወደቀ ወደ ቆሻሻ ነው፤ አራግፎ መመለስ የለም።

ከዚያ ጭረቶቹን ለየኋቸው። ሲርስ የሚጠፋና ጥፍር የማይዘው ጭረት ክሊሩ ላይ ብቻ ነው፣ በፖሊሽ ይሄዳል። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ነው፣ እሱን አሳድዶ ለማጥፋት መሞከር ክሊሩን መጨረስ ነው። ከሥሩ ነጭ ወይም ግራጫ ከታየ ፖሊሽ ምንም አያደርግለትም፣ ቀለም ይፈልጋል። ብረቱ ራሱ ከታየ ደግሞ ዝገት ሳይቀድማችሁ ቶሎ በሉ።

ለኮፈኑ የተጠቀምኩት እየተሽከረከረ የሚወዛወዘውን ፖሊሽ ማሽን ነው። ቦታ ላይ ቆሞ የሚሽከረከረው ፈጣን ነው፣ ግን ልምድ በሌለው እጅ ቀለም ያቃጥላል። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ካሬ በፕላስተር ከልዬ በለስላሳው ስፖንጅና በደቃቁ ፖሊሽ ሞከርኩ። ከደቃቁ መጀመር ግድ ነው፤ እሱ ካልሠራ ወደ ሸካራው ትሄዳላችሁ። ሠራ። ከዚያ ሲያብለጨልጭ አትመኑት። ብዙ ፖሊሽ ውስጥ ዘይት አለ፣ ጭረቱን ሞልቶ ይደብቅና ከጥቂት እጥበት በኋላ ይመለሳል። በውሃ በቀጠነ አልኮል ጠርጌ፣ መብራቱን ከጎን አብርቼ አየሁት። ንጹህ ነበር፤ ከዚያ ነው ኮፈኑን በሙሉ የቀጠልኩት። ጠርዝ ጠርዙንና የኮፈኑን መስመሮች ፕላስተር ለጥፌባቸው ነበር፣ እዚያ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ማሽን አያስፈልገውም።

የበሩ ጭረት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። መጨረሻው ጋ ጥፍር የሚይዝ ነበር። ከንፈሩን በእጄ በፖሊሽ አለዘብኩትና ተውኩት። አሁን ካላሳየኋችሁ አታገኙትም፣ እኔ ግን አገኘዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ጭረት በ2000 ቁጥር (በጣም ደቃቅ) ብርጭቆ ወረቀት እየረጠበ ይፈተግ የሚል ምክር በየቦታው ታያላችሁ። ባለሙያ ያድርገው፣ እሺ። የራሴን አዲስ መኪና ላይ ግን ብርጭቆ ወረቀት አላነሳም።

የበሩ ጠርዝ ላይ ያለው ፍንቅል በቀለም ብዕር ተሠራ። የቀለሙ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም ኮፈኑ ሥር ይገኛል። "ጥቁር ሰማያዊ ስጠኝ" ብሎ መግዛት የለም፤ ኮዱን ነው የምትሰጡት። ቦታውን በአልኮል አጸዳሁ። በብዕሩ ጫፍ አልቀባሁም፣ ወፍራም ነው። ጠብታዋን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ አንስቼ መሐሉ ላይ ብቻ አሳረፍኩ፣ እሷ ራሷ ወደ ጠርዙ ተዘረጋች። ሲደርቅ ይሰምጣል፣ ስለዚህ በስስ በስሱ መደራረብና በየመሐሉ ማድረቅ ነው። በመጨረሻ ክሊር። ሜታሊክ በብሩሽ ሲነካ ፍንጥርጣሪው እንደ ፋብሪካው አይተኛም፤ ትንሽ ጠቆር ብሎ ይታያል። ዋናው ግን ተሸፍኗል፣ ውሃ አይገባበትም።

የኋላ መክደኛው ላይ የተንጠለጠለውን ጠብታ አልነካሁትም። ታች ነው፣ ማንም አያየውም፣ ክሊሩም ሙሉ ነው።

መጨረሻ ላይ መከላከያ። ሻጩ ከመጀመሪያው ቀን ሴራሚክ ኮቲንግ፣ ማለትም ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር ፈሳሽ መከላከያ፣ ያለበት ጥቅል ሊሸጥልኝ ይፈልግ ነበር። ሴራሚክ መጥፎ ነገር አይደለም፣ እጥበት ያቀላል፣ ቆሻሻ አያስይዝም። ነገር ግን ጭረቱ ላይ ከተቀባ ጭረቱን ከነነፍሱ ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ በኋላ ለማስተካከል ሴራሚኩንም መፋቅ ነው። ጠጠርም አያቆምም። ጠጠር የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ለኮፈኑ ፊትና ለፓራውልቱ ወፍራሙ ግልጽ ላስቲክ ነው የሚሻለው። እኔ እሱን ፊቷ ላይና በበሮቹ እጀታ ሥር ባሉት ጎድጓዶች ላይ አስለጠፍኩ። እነዚያን ጎድጓዶች ብርሃን አብርታችሁ እዩዋቸው፤ ቀለበትና ጥፍር በወራት ውስጥ ይጨርሳቸዋል። ለቀረው አካሏ ሰም በቂ ነው።

ሰርቪስ ስወስዳት አሁንም "በነፃ እናጥብልሃለን" ይሉኛል። የሥራ ትእዛዙ ላይ "አትታጠብ" ብለው እስኪጽፉ ቁልፉን አልሰጥም።