የድሮ የጎልፍ ፖስተር፦ ከታችኛው ጠርዝ መጀመር

«ሴንት አንድሩስ» (የስኮትላንዷ የጎልፍ ከተማ) የሚል የድሮ የብሪታንያ የባቡር ፖስተር እጄ ሲገባ፣ የዘመኑ ዋና እትም ነው ወይስ ኋላ የታተመ ቅጂ የሚለውን ለመለየት ስል ሥዕሉን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሜትር አወጣለሁ። በጣቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ የነበረው የተለመደው ቁመቱ 40፣ ወርዱ 25 ኢንች ነው፤ 101.6 በ63.5 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ትልቁ በዚያው ቁመት ወርዱ 50 ኢንች ይሆናል። 84.1 በ59.4 ከወጣ የዛሬው ኤ1 ወረቀት ነውና አልደክምበትም። ጥቂት ሚሊሜትር መጉደሉ ብቻ ግን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ለፍሬም ተብለው የተከረከሙ ሞልተዋል። መቀስ ቶሎ የሚደርስበት ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ነው፤ የማተሚያ ቤቱ ስም በደቃቅ ፊደል የሚሰፍረው እዚያው ነው።

የባቡር ኩባንያው ስም ዘመኑን ያጠብልኛል። ኤል ኤን ኢ አር (የለንደንና ሰሜን ምሥራቅ ባቡር ኩባንያ) ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1947፣ ብሪቲሽ ሬልዌይስ ከሆነ ከ1948 ወዲህ ነው። ችግሩ ቅጂውም ያንኑ ስም ይዞ መታተሙ ነው፤ ስሙ የሥዕሉን ዕድሜ እንጂ የወረቀቱን አይናገርም።

ስለዚህ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ሰማዩ ላይ እጥላለሁ። የያኔው ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ወይም ከብረት ሰሌዳ የሚታተም የኅትመት ዘዴ) እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ስላተመ ሰማዩ ወጥ ሆኖ ወይም እንደ አሸዋ ተበታትኖ ይታያል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ፣ እንደ አበባ የተሰባሰቡ ነጠብጣቦች ካየሁ ከፎቶግራፍ የተባዛ ነው። ለኤል ኤን ኢ አር ፖስተር ይሠራ የነበረውን ቶም ፐርቪስን የመሰሉ ሠዓሊዎች ሰፊና ወጥ ቀለም ይወዱ ስለነበር በእነሱ ሥራ ላይ ቅጂው ቶሎ ይጋለጣል። ከዚያ በጨለማ አልትራቫዮሌት መብራት አበራበታለሁ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተለመደው የወረቀት ማንጫ ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል፣ የ1930ዎቹ ወረቀት ግን ይደበዝዛል። ጀርባው በሸራ ከተደገፈ ፊቱን ብቻ ነው የማምነው፤ ሸራው ራሱ ሊያበራ ይችላል።

ዋናው እትም ከሆነ ወደ ጥገናው አልፋለሁ። እጥፋትና ጥቅልል የማወጣው በእርጥበት ነው፤ አስቀድሞ ግን እያንዳንዱን ቀለም በውሃ ጠብታ መሞከር ግድ ነው። አንዴ የባሕሩን ሰማያዊ ብቻ ሞክሬ አለፍኩ፤ ቀዩ ፊደል ወደ ነጩ ህዳግ ፈሰሰ፣ ያ ደግሞ አይመለስም። አሁን በእያንዳንዱ ቀለም ጥግ ላይ ጠብታ አኑሬ ከደቂቃ በኋላ በነጭ መምጠጫ ወረቀት እጫነዋለሁ፤ ቀለም ከለቀቀ እርጥበቱን እተወዋለሁ። ካልለቀቀ፣ ረጠብ ያለ መምጠጫ ወረቀት፣ በላዩ ስስ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ከዚያ ፖስተሩን አነጥፌ በላስቲክ እሸፍናለሁ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጥሎ በደረቅ መምጠጫ ወረቀቶች መካከል፣ በጣውላና በክብደት ሥር አንድ ሳምንት ይከርማል። የመጀመሪያውን ቀን ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው፤ ካልተቀየረ ሻጋታ ይይዛል።

ለተቀደደው 1 እጅ የስንዴ ስታርች በ5 እጅ ውሃ፣ ሳላቋርጥ እያማሰልኩ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ አጥሚት አበስላለሁ። ሲቀዘቅዝ አጥልዬ አቀጥነዋለሁ። የጃፓን ወረቀቱን (ስስ ግን ጠንካራ የጥገና ወረቀት) በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቀድጄ 1 ሴንቲሜትር በሚሆን ቁራጭ ከጀርባ እለጥፋለሁ፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ከፊት በኩል መስመር ሆኖ ይወጣል። ሙጫው ሲበዛ ወረቀቱ ይሸበሸባል። ፕላስተር ፈጽሞ አልነካም፤ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይዘልቃል።

ፍሬም ውስጥ ከላይ በኩል ብቻ በሁለት የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያ አሲድ በሌለው ካርቶን ላይ ይሰቀላል። አራቱም ጎን ከተጣበቀ በክረምት እርጥበት መፍታታት ሲያቅተው ይጎብጣል። መስታወቱም ወረቀቱን እንዳይነካ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር አርቀዋለሁ።