ግጥሜ ስብሰባ እንዳይሆን፦ የዘፈን ግጥም ልምምዴ እስካሁን

በመጨረሻ አንድ አዝማች ወጣልኝ! ስለ ቤት ኪራይ የጀመርኩት ዘፈን ነው። ደስ ስላለኝ እንደኔ ለምትለማመዱ ላካፍላችሁ።

ስለ ጅማሬው ብዙ አልልም። የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ልክ ለመድኩ፤ ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ)፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። ስትለማመዱ እያጨበጨባችሁ ይሁን። ወረቀት ላይ ልክ የመሰለ ስንኝ አፍ ላይ ሲወጣ ይሰበራል፤ ሳድሱ ፊደል አንዴ ይቆጠራል፣ አንዴ ይዋጣል። ቤት መምታቱ በጊዜ ይመጣል።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ቁም ነገር ያለው ዘፈን ልጽፍ ስነሳ ግጥሜ የቀበሌ ስብሰባ ይሆናል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፦

«ፍትሕ ይስፈን ባገር፣ እኩልነት ይምጣ»

ልኩ አልተዛነፈም። ሐሳቡንም ከልቤ አምንበታለሁ። ግን ታክሲ ውስጥ ማን ያንጎራጉረዋል?

እዚህ ላይ ተቀርቅሬ ሳለሁ የቦብ ማርሌን «ዋር» (ጦርነት) የተባለ ዘፈን ደጋግሜ መስማት ያዝኩ። ያ ዘፈን እኮ ንግግር ነው! አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያሰሙት። ግጥሙ የተመዘገበው በእግር ኳስ ተጫዋቹ አላን ኮልና በባንዱ ከበሮ መቺ በካርልተን ባሬት ስም ቢሆንም፣ አብዛኛው ቃል በቃል ከንግግሩ የተወሰደ ነው። ዘፈኑ ያለበት አልበም የወጣው በ1968 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ካረፉ ዓመት ሳይሞላ ነበር። የዲፕሎማት ንግግር እንዴት ተዘፈነ? የኔ ግጥም ለምን አልተዘፈነም?

ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አየሁት። ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ንግግሩ ራሱ አዝማች አለው። «ይህ እስካልሆነ ድረስ» እያለ ሐሳብ በሐሳብ ላይ ይደርባል፤ ዘፈኑ ደግሞ በየመሃሉ «ጦርነት» በምትለው አንዲት ቃል ይዘጋዋል። አድማጭ ሁሉን ባይዝ እሷን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ሁሉ ትልልቅ ሐሳብ መሃል ሰው የሚያስታውሰው የዓይን ቀለሙን ነው። የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም እስካለው ድረስ ሰላም የለም ይላል። ዘረኝነትን በዓይን እንድታየው አደረገ። እኔ ግን «ፍትሕ» ስል ምንም የሚታይ ነገር አላስቀመጥኩም።

ስለዚህ «ፍትሕ»ንም «እኩልነት»ንም ሰረዝኳቸው። በሰፈራችን የሚሠሩትን ፎቆች አሰብኩ። የግንባታ ሠራተኞቹን አሰብኩ። ይህ መጣ፦

«ፎቁን አቆመና ቁልፉን ለሰው ሰጥቶ፣
ይተኛል ከደጁ ካርቶኑን ዘርግቶ።»

ኪራይ የሚል ቃል የለበትም፤ የሰሙት ጓደኞቼ ግን ወዲያው ስለ ኪራይ ማውራት ጀመሩ።

ሰምና ወርቅን በተመለከተ አቋሜን ልናገር። ቁም ነገር ያለው ግጥም ሁሉ ቅኔ መሆን አለበት የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሳንሱር በነበረበት ዘመን የፍቅር ዘፈን አገርን ይሸከም ነበር፤ ገጣሚው ሌላ መንገድ አልነበረውም። የሚደበቅ ነገር ሳይኖር መደበቅ ግን አድማጭን ማድከም ነው። ካርቶን ካርቶን ይባል።

አዝማቹን ቀድማችሁ ሥሩ። ስልክ ላይ ቅዱትና ሰሃን ስታጥቡ ስሙት፤ አብራችሁ ካላንጎራጎራችሁ ጣሉት። ክራር ለሌላችሁ ጠረጴዛ መምታት ይበቃል። ስለ መዝገበ ቃላት የቤት መምቻ ዝርዝር አትጠይቁኝ፤ አልወደውም።

ሁለተኛው አንጓ (የስንኞች ክፍል) ግን አልወጣልኝም። አከራይዋን ላስገባ ፈልጌያለሁ። ጡረተኛ እናት ናቸው፤ ጡረታው አይበቃቸውምና ከሁለቱ ክፍል አንዱን ያከራያሉ። እሳቸውን ጨካኝ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። እሳቸውም ተከራዩም የተጎዱበትን ነገር በአንድ አንጓ እንዴት እንደማሳይ እየታገልኩ ነው። እንዲህ ዓይነት ግጥም የሞከራችሁ ካላችሁ ስንኛችሁን ላኩልኝ።