ቡናን እንደ ማሽላ

ኅዳር ላይ ነው። ጅማ በሚገኝ አንድ የዘር ማቆያ ክፍል፣ ከውጭ አገር ላቦራቶሪ ጋር ለሚካሄድ የጋራ ጥናት፣ በጅማ ዞን «በለጠ-ጌራ» ጫካ ካሉ 12 እናት ዛፎች የቡና ዘር ተሰናዳ። ዝግጅቱ እንከን አልነበረውም። ደም የመሰለው እሸት ብቻ ተለቅሞ በእጅ ተፈለፈለ፤ ልጋጉ እስኪለቅ ውኃ ውስጥ አደረ፤ ታጥቦ ፓርችመንቱን (ፍሬውን የሚሸፍነውን ደረቅ ገለባ) እንደለበሰ ጥላ ሥር በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጣ። እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ሲወርድ ታሸገ። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ፓርችመንቱ ተሰንጥቆ ጽንሱ ይጎዳ ነበር።

ስህተቱ የተገኘው ወረቀቱ ላይ ነው። ከሣጥኑ ጋር የተያያዘው ቅጽ ቀደም ሲል ማሽላ የተላከበት መደበኛ የዘር ዝውውር ስምምነት ነበር። ማሽላ እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀው የምግብና የግብርና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ አገሮች በጋራ ለመጠቀም በተስማሙባቸው ሰብሎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ በዚያ ቅጽ ይወጣል። ቡና ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ጤፍም እንዲሁ። የቡና መንገድ የናጎያ ፕሮቶኮል (የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘትና ጥቅሙን ስለመጋራት የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት) እና የአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው፤ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትና ለዚያው ሥራ የተለየ ውል መፈረም ያስፈልጋል። ጠያቂው የውጭ ዜጋ ከሆነ፣ የገዛ አገሩ ባለሥልጣን ግዴታውን እንደሚያስከብር የሚያረጋግጥ ደብዳቤም ይጨመራል። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱማ ተሟልቶ ነበር፤ ግን እሱ የዘሩን ጤንነት እንጂ የመውጣት ፈቃዱን አይናገርም።

ሣጥኑ ተመለሰ። ደብዳቤው እስኪመጣ ተብሎ ማሽላው ካለበት፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሆነው ማቀዝቀዣ ገባ። ከወር በኋላ አንጋፋው የክፍሉ ሠራተኛ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ቡና ነው! ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

ከየከረጢቱ 50 ፍሬ ወጥቶ፣ ፓርችመንቱ ተልጦ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ 30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 30 ቀን ቆየ። አንድም አልበቀለም።

ማሽላ እርጥበቱ 5 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ደርቆ በዚያ ቅዝቃዜ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። የቡና ዘር ያን ያህል ድርቀትም ሆነ ያን ያህል ብርድ አይችልም። የሚሻለው ከ10 እስከ 11 በመቶ እርጥበት ይዞ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት፣ 15 ዲግሪ ላይ መቀመጥ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የሚቆጠረው በወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኖርዌይ ስቫልባርድ ላይ የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻም፣ የሚሠራው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ለቡና መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም። ቡና የሚጠበቀው በቁሙ፣ ዛፍ ሆኖ ነው፤ እዚሁ ጅማ ዞን ጮጬ ባለው የመስክ ጂን ባንክ፣ ወይም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ቡድን እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 ከኢትዮጵያ የሰበሰበው በተተከለበት በኮስታሪካ ቱሪያልባ። አንድ ማሳ በበሽታ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍ አገሮች መተማመን አለባቸው፤ ያን ወረቀት አሰልቺ ማለት የማይገባውም ለዚህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ማመልከቻው ሰኔ ላይ ገባ፤ ለቀማው ፈቃዱ እጅ ከገባ በኋላ ሆነ። ከየዛፉ ከተለቀመው ግማሹ ለጉዞ ታሸገ፣ ግማሹ በዚያው ሳምንት ችግኝ ጣቢያ ተዘራ። ለቃሚዎቹ ጫካ ሲደርሱ ግን ያገኙት 11 ዛፍ ነው። አሥራ ሁለተኛው የነበረበት ቦታ ተመንጥሮ በቆሎ ተዘርቶበታል፤ የዚያ ዛፍ ዘር የነበረው ማቀዝቀዣው ውስጥ የሞተው ከረጢት ብቻ ነበር።