«ለማኝ አይደለሁም» ብዬ የጣልኩት ፎርም

ፎርሙን ሁለት ዓመት በተከታታይ ጥዬዋለሁ። ትምህርት ሲከፈት ከልጄ ቦርሳ ይወጣል። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ በወር ስንት ብር እንደሚገባ ይጠይቃል። ለነፃ ምሳ ነው። እኔ ደግሞ የልጄን ምሳ በምሳ ዕቃ ቋጥሬ ነው የምልከው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ሌሊቱን አረጋውያን ስንከባከብ እያደርኩ፣ ልጆቼን አንድ ቀን አስርቤ አላውቅም። «ለማኝ አይደለሁም» እልና ቅርጫት ውስጥ እወረውረዋለሁ።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ መምህሯ አስጠራችኝ። ማንበብ አልቻለም አለችኝ። አላመንኩም። ሥራ ከመግባቴ በፊት ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያነብልኝ እሰማው የለ! መምህሯ አልተከራከረችኝም። መጽሐፍ ገልጣ ሰጠችው። ሥዕሉ ላይ ትንሽ ፈረስ አለ። ቶሎ ብሎ «ሆርስ» አለ። የተጻፈው ግን «ፖኒ» ነው። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለጠችና ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነችው። ዝም። ጣቱ የመጀመሪያው ፊደል ላይ እንደቆመ ቀረ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያነብልኝ የነበረው ሥዕሉን ነው።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ ቡና ላይ ለጎረቤቴ አጫወትኳት። እሷ ሌላ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ናት። መጀመሪያ ያለችኝ «ፎርሙን ሞልተሻል?» ነው። ምን አገናኘው አልኳት። «አንቺ፣ የምሳ ብቻ መሰለሽ እንዴ?»

ታይትል ዋን የሚባለውን ያኔ ሰማሁ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ከፈረሙት የትምህርት ሕግ የመጣ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የፌዴራል መንግሥቱ ለንባብ፣ ለሒሳብ፣ ለተጨማሪ አስተማሪ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። የትኛው ትምህርት ቤት ስንት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለው የሚቆጠረው በአብዛኛው በምሳው መረጃ ነው። ቁጥሩ 40 ከመቶ ከደረሰ ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ለሁሉም ተማሪ በሚጠቅም መንገድ ሊያውለው ይችላል። እኔ የጣልኩት ወረቀት ማለት ሳይቆጠር የቀረ አንድ ልጅ ነው። የጣልኩት የልጄን ብቻ ሳይሆን የክፍል ጓደኞቹንም ድርሻ ነው።

ስለዚህ ሙሉት። የኢሚግሬሽን ወረቀታችሁን አይጠይቅም። የሚፈርመው ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን (መንግሥት ለየሰዉ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) የመጨረሻ 4 አኃዝ ይጽፋል፤ ከሌለው «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሁሉም ልጅ በነፃ ስለሚበላ ይሄ ፎርም ላይመጣ ይችላል፤ ቢሮ ገብታችሁ ጠይቁ።

ሌላም ነገር ገባኝ። ገንዘቡ የሚመጣው በገቢ ቆጠራ ይሁን እንጂ፣ ለልጁ እርዳታ የሚሰጠው በትምህርቱ ወደኋላ መቅረቱ ታይቶ ነው። የወላጁ ደመወዝ ታይቶ አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ የቋንቋው ነገር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስብሰባ ላይ ያስተረጎመችልኝ የ11 ዓመት ልጄ ነበረች። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም። «በጣም ወደኋላ ቀርቷል» የተባለውን «ትንሽ ይቀረዋል አሉ» ብላ ነገረችኝ። አዝናልኝ ነው። ልጅን እንዲህ ያለ ሸክም ማሸከም ግፍ ነው፤ እኔም አሸክሜያታለሁ።

ለቀጣዩ ስብሰባ ግን ከሳምንት በፊት አጭር ደብዳቤ ጽፌ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ሰጠሁ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ማታ ሥራ ስላለኝ ጠዋት ይሁንልኝ አልኩ። ታይትል ዋን ትምህርት ቤት ጠዋትም ሆነ ማታ ወላጅ በሚመቸው ሰዓት ስብሰባ ማዘጋጀት እንዳለበት ጎረቤቴ ነግራኛለች። አስተርጓሚዋ በስልክ ገባች። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። ልጄ የት ደርሷል? ማን ይረዳዋል፣ በሳምንት ስንት ቀን? እኔስ ቤት ምን ላድርግ? መልሱን በወረቀት አጽፌ ወሰድኩ።

አራት ልጆች ያሉበት የንባብ ቡድን ውስጥ ገባ፤ በሳምንት አራት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ቤት ደግሞ የኔ ሥራ ሥዕሉን በእጄ መሸፈን ሆነ። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ይናደድ ነበር። መጽሐፉን ዘግቶ የሚነሳበት ቀን ብዙ ነው። ግንቦት ላይ፣ የሥራ ልብሴን ለብሼ ልወጣ ስል፣ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች እየጎተተ አነበበ። ሲጨርስ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከመጽሐፉ ላይ አነሳና «አሁን ሥዕሉን ልየው» አለኝ።